ምድጃም የእርሻ መሣሪያ ነው



በማታው ትምህርት የሚማሩ አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀሩ ነበር። እኔም አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ለምን ይቀራሉ? ፊደል እኮ ካላዩት ይረሳል» ብዬ ወቀስኳቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ፊደሉስ የትም አይሄድብኝም። እንጨቱ ነው በየዓመቱ የሚርቀኝ» አሉኝ። የከተማ ልጅ ነኝና ነገሩን አላሰብኩትም ነበር፤ አፈርኩ። የዛሬውን ትምህርት ስለ ማገዶ ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ወንዶች ሆይ! «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ማገዶ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማሳም ጉዳይ ነው። እንዴት? አንድ በአንድ እንየው።

1. ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ምጣዱን በሦስት ጉልቻ ላይ ጥደን ከሥሩ እሳት ስናነድ ነበልባሉ በሦስቱም ጎን ይወጣል። ነፋስ ሲገባ ደግሞ ይበተናል። ሙቀቱ ድንጋዩን፣ ግድግዳውንና አየሩን ያሞቃል። ምጣዱ የሚደርሰው ትንሹ ድርሻ ነው። አሥር እንጨት ብናነድ የአንዱ ያህል ሙቀት ብቻ ለእንጀራው ይውላል ማለት ይቻላል። የቀረው ባከነ።

ባገራችን በየቤቱ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው የሚያልቀው እንጀራ ሲጋገር ነው። ስለዚህ ቁጠባውም ከምጣዱ መጀመር አለበት።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጉልቻው ቀርቶ እሳቱ ዙሪያውን ቢከበብ፣ ወጡ ባይጣፍጥም ማገዶው ይተርፋል።

2. የሚተርፈው ጊዜ

እስቲ እርሳስ ያዙና አብረን እናስላ። አንድ ቤት በወር 16 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። ከዚህ ውስጥ 10ሩ ሸክም ለእንጀራ ይሁን። የተሻለው ምድጃ የዚህን ግማሽ ቢቆጥብ፣

10 ሲካፈል ለ2 = 5 ሸክም ይተርፋል።

ለአንድ ሸክም ለቀማውና መንገዱ 4 ሰዓት ቢፈጅ፣

5 ሲባዛ በ4 = 20 ሰዓት ይተርፋል።

የማታው ትምህርት 2 ሰዓት ነው። 20 ሰዓት ማለት የ10 ማታ ትምህርት ማለት ነው። እኚያ እናት የቀሩት ስንፍና ይዟቸው አልነበረም። ትምህርታቸው ከምድጃው ሥር ይነድ ነበር።

በአንድ ቀበሌ 100 ቤት ቢኖርና ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ በወር 500 ሸክም እንጨት ከመቆረጥ ይድናል። ዛፉ ከቆመ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ጎርፉም ማሳውን ጠርጎ አይወስድም።

3. ኩበት ሲነድ እህል ይነዳል

እንጨት ሲርቅ ምን እናደርጋለን? ኩበት እናነዳለን። ጉዳዩ ወደ ማሳ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

እበት የአፈር ምግብ ነው። በውስጡ ናይትሮጂን የሚባል፣ ሰብልን የሚያለመልም ነገር አለ። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ አንዳንድ ጠቃሚ ነገር ይቀራል፤ ናይትሮጂኑ ግን አይመለስም። አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውሃ የሚያስይዘው ብስባሽም አብሮ ይቃጠላል።

ዩሪያ የምንገዛው ለምንድን ነው? ለዚሁ ለናይትሮጂን ነው። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ታዲያ ከብቶቻችን በነጻ የሰጡንን አቃጥለን፣ ተመልሰን በገንዘብ እንገዛለን። ይህ በቀኝ እጅ ዘርቶ በግራ እጅ መንቀል አይደለም?

ምድጃው ማገዶ ከቆጠበ እበቱ ለማሳ ይተርፋል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ እበቱን ከጭድ፣ ከአረምና ከአመድ ጋር አብስሉት። ሲበሰብስ ወደ ማሳ ይውጣ። እንግዲህ ምድጃው እንደ ማረሻውና እንደ ሞፈሩ የእርሻ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

4. ጭስ

ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጉዳቱ ግን እስከ ሳምባ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እናት ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ያንኑ ጭስ ይምጋል። ማገዶ ሲያንስ ጭሱም ያንሳል። ሆኖም ጨርሶ አይጠፋም፤ ስለዚህ መስኮትና የጭስ መውጫ ያስፈልጋል።

5. ምን እናድርግ?

ሀ. ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራ «ምርጥ» የሚባል የእንጀራ ምድጃ አለ። ባገራችን የተሠራው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። እሳቱን ዙሪያውን ይከብባል። ከኋላው በሚወጣው ሙቀትም ድስት ይጣድበታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል።

ለ. ይህ ካልተገኘ በጭቃ ሥሩ። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡኩና ጥቂት ቀን ይሰንብት። በምጣዱ ልክ ዙሪያውን ገንቡት፤ ከፍታው አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ከፊት የማገዶ መግቢያ፣ ከኋላ ትንሽ የጭስ መውጫ ተዉለት። በደንብ ሳይደርቅ እሳት አታንድዱበት፤ ይሰነጠቃል።

ሐ. እንጨቱን ፍለጡና አድርቁ። እርጥብ እንጨት በመጀመሪያ የሚያፈላው የራሱን ውሃ ነው።

መ. ባቄላና ሽምብራ ከመቀቀሉ በፊት ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። ድስቱ ይከደን።

«እሳቱ እኮ ቤት ያሞቃል፣ ያበራልም» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ በደጋ ብርዱ ይከብዳል። ለመሞቅ ግን ፍም ይበቃል። ለዚህ ብሎ የእንጀራውን ማገዶ ማባከን አያስፈልግም።

ጭቃ ማቡካት ለአንድ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ በደቦ ይሁን፤ ዛሬ የአንዱ ቤት፣ ነገ የሌላው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና።

አዲስ ቃላት

ናይትሮጂን፦ ሰብልን የሚያለመልም የአፈር ምግብ።
ብስባሽ፦ በስብሶ አፈር የሚሆን ቅጠል፣ ጭድና እበት።
ቁጠባ፦ ሳያባክኑ በልኩ መጠቀም።

ጥያቄዎች

1. በሦስት ጉልቻ ሲነድ ሙቀቱ የት ይሄዳል?
2. ኩበት ሲነድ ማሳው ምን ያጣል?
3. በቤታችሁ በወር ስንት ሸክም ይነዳል? ቆጥራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ባልና ሚስት አብረው ይሥሩት። መልሱን ይዛችሁ ወደ ማታው ትምህርት ኑ፤ ሁላችሁም ኑ።