ከመጫናችሁ በፊት ከመኪናው ስር እዩ፦ የካርዳን ዘንግ ሲያረጅና ሲቀየር

ከድሬዳዋ በደወሌ፣ ከሚሌ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከብት ብዙ ጊዜ የሚጫነው በኪራይ መኪና ነው። ስለዚህ ጥገናው የባለ መኪናው ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን። ካርዳኑ መንገድ ላይ ሲበጠስ ግን ባለ መኪናው የሚከፍለው የመለዋወጫና የመካኒክ ዋጋ ነው። የሚከሳው ከብትና የሚያልፈው የመርከብ ቀን የነጋዴው ነው። ጥገናውን የሚያዘገየውና ዋናውን ኪሳራ የሚሸከመው ሰው የተለያዩ በመሆናቸው ችግሩ ይደጋገማል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ነጋዴው ምን ማየት፣ ምን መጠየቅና ምን ማስላት እንዳለበት ማሳየት ነው።

ዘንጉ ምን ይሠራል?

ካርዳን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ጉልበት የሚያሻግር ዘንግ ነው። ጫፎቹ ላይ መስቀል የሚመስል መገጣጠሚያ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ክሮቸራ ይባላል። ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይኛ የሚሸጥ ነጋዴ ክሯዚዮን ይለዋል። ረጅም ሻንሲ ባላቸው መኪኖች ዘንጉ ሁለት ክፍል ሆኖ መሃሉ ላይ ጎማ ለበስ ኩሽኔታ ይይዘዋል።

ትራክተር የሳር ማሰሪያ ማሽን የሚያዞርበት ዘንግም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ትራክተር ላይ ተገጥሞ በረዶ የሚጠርገው ማሽንም እንዲሁ። በእነዚያ ማሽኖች ብዙዎቹ ላይ ግን ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብሎን አለ፤ ማሽኑ ሲታነቅ ብሎኑ ተቆርጦ ዘንጉን ያድናል። የከብት መኪና ካርዳን እንዲህ ያለ ብሎን የለውም። የእኛ መከላከያ አስቀድሞ ማየት ብቻ ነው።

ምልክቶቹ

• መኪናው ሲነሳ ወይም ማርሽ ሲቀየር ከስር የብረት ግጭት ድምፅ ይሰማል።
• ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል።
• በክሮቸራው ኩባያዎች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ይታያል። ግራሶው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው ማለት ነው።
• የመሃል ኩሽኔታው ጎማ ተሰንጥቋል ወይም ተንጠልጥሏል።
• ሞተር ጠፍቶ፣ ጎማ በታኮ ተይዞ፣ ክሮቸራውን ከግራና ከቀኝ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያዞሩት ይላወሳል። ጤነኛ ክሮቸራ በእጅ የሚሰማ ልቅነት የለውም።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ መኪናው ሳይጠገን አይጫን።

አቀያየሩ በቅደም ተከተል

1. መኪናው ባዶ ሆኖ ሜዳ ላይ ይቁም። ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ። ይህ ዋናው ጥንቃቄ ነው፤ በብዙ የኢሱዙ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ ካምቢዮው ጀርባ ላይ ሆኖ የሚይዘው በካርዳኑ በኩል ነው። ካርዳኑ ሲፈታ የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው።

2. ከመፈታቱ በፊት ዘንጉና የሚታሰርበት ብረት ላይ በቀለም መስመር ይደረግ። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ጥርስ ላይም እንዲሁ። በተለያየ አቅጣጫ ከተገጠመ አዲስ ክሮቸራም ቢሆን መንቀጥቀጡ አይቀርም።

3. ብሎኖቹ ሲፈቱ ዘንጉ በገመድ ወይም በእንጨት ይደገፍ። ከባድ ስለሆነ የወደቀበትን ሰው ይጎዳል።

4. ክሮቸራው ሞርሳ ላይ ተገፍቶ ይውጣ። በመዶሻ የሚደበደብ ከሆነ ኩባያው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ይጣመማል። በዘንጉ ላይ የተበየዱ ትንንሽ ብረቶች ሚዛን መጠበቂያ ናቸው፤ አይነኩም።

5. አዲሱ ሲገዛ አሮጌው አብሮ ይሂድ። የኩባያው ስፋትና የመስቀሉ ርዝመት ይለካ። ዘንጉ ራሱ የሚቀየር ከሆነ ርዝመቱና የጥርሱ ቁጥርም ይታይ። የታጠፈ ዘንግ አቃንቶ መመለስ አይበቃም፤ ቶርኖ ቤት ሚዛኑ መረጋገጥ አለበት።

6. ከገጠሙ በኋላ ከአራቱም ኩባያ አዲስ ግራሶ እስኪወጣ ድረስ ይሰጠው። ብሎኖቹ በተቃራኒ ተራ ይጥበቁ፣ ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ። ባዶውን ተነድቶ ይሞከር፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይታዩ።

ሂሳቡ

ከብት ለአንድ ቀን ያለ ውሃና ያለ መኖ ሲጓዝ ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚቀንሰው የሆድ ዕቃው ስለሆነ በውሃና በመኖ ይመለሳል። እየቆየ ሲሄድ ግን ከስጋው ነው። የቆመ መኪና ደግሞ ከሚሄደው ይብሳል፤ ነፋስ የለም፣ ሙቀቱ ይታመቃል፣ የወደቀው ይረገጣል።

ለምሳሌ 18 በሬ፣ እያንዳንዱ 300 ኪሎ ቢሆን ጭነቱ 5,400 ኪሎ ነው። በብልሽት መዘግየት ምክንያት ተጨማሪ 4 በመቶ ቢቀንስ 216 ኪሎ ሄደ። ከአንድ በሬ ሩብ ገደማ ብቻ የጎደለው ማለት ነው፤ አንድም ከብት ሳይሞት። ይህን በራሳችሁ የኪሎ ዋጋ አባዙትና ከአንድ ክሮቸራ ዋጋ ጋር አስተያዩት።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የዳመርጆግ ክልላዊ ኳራንቲን አለ። ከብቱ እዚያ ተመርምሮና ቆይቶ ነው መርከብ የሚወጣው። በመንገድ የተጎሳቆለ ከብት ለሳንባ በሽታ ይጋለጣል፤ ምልክቱ ግን ከቀናት በኋላ ኳራንቲን ውስጥ ይወጣል። ነጋዴው ያኔ የሚያየው በሽታውን ነው፤ ካርዳኑን አያስታውስም።

ስታሰሉ ሁሉንም በአንድ ገንዘብ አድርጉት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ይወሰናል። የዛሬ ወር የተገዛ መለዋወጫ በብር ሲቆጠር ዛሬ ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

መንገድ ላይ ቢበጠስ

ከብት እንደተጫነ ካርዳን አይፈታም፤ ከብቱ ሲንቀሳቀስ መኪናውን ይገፋዋል። መጀመሪያ ጎማው በታኮ ይያዝ፣ ከዚያ ከብቱ ይውረድ። ማውረጃ ከሌለ መኪናው ከመቆሙ በፊት በተረፈው ግፊት ጀርባውን ወደ አፈር ከፍታ ማስጠጋት የሚቻል አይሆንምና፣ ጠንካራ ሳንቃ ከመነሻው ይያዝ። ዘሎ የወረደ ከብት እግሩ ይሰበራል። ጥላና ውሃ ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ ጥገናው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ ከመሰለ ሌላ መኪና ይጠራ።

በውሉ ላይ

ካርቲየ ሰባት ተቀምጦ ከብት የሚጠብቅ ተቀባይ መኪናው ስር ገብቶ ማየት አይችልም። ጫኙን ግን ከመጫኑ በፊት የፊቱን ክሮቸራ፣ የመሃል ኩሽኔታውንና የኋላውን ክሮቸራ በስልክ ፎቶ እንዲልክ ሊጠይቅ ይችላል። በኪራይ ውሉ ላይም ሦስት ነገር ይጻፍ፦ መኪናው አንድ መለዋወጫ ክሮቸራ ከነብሎኑ፣ ግራሶ መስጫና ታኮ ይይዛል፤ ብልሽት ሲደርስ ሹፌሩ ወዲያው ይደውላል፤ የተተኪው መኪና ኪራይ በባለ መኪናው ይሸፈናል።

ባለ መኪናው ለዚህ ጥቂት ተጨማሪ ኪራይ ቢጠይቅ አትከራከሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ የምትከፍሉት ለ216 ኪሎ መድን ነው።

ለመለማመጃ፦ የመጨረሻ ጭነታችሁን የከብት ቁጥር፣ አማካይ ክብደትና የኪሎ ዋጋ ጻፉ። 4 በመቶውን አስሉ። ከዚያ ውጤቱ ስንት ክሮቸራ እንደሚገዛ ቁጠሩ።