ትምህርት አሥራ አንድ፦ ከተማን በጽሑፍ መግለጽ

ተማሪዎች ሆይ! ስለምትኖሩባት ከተማ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ ምን ብላችሁ ትጀምራላችሁ? ብዙዎች «ከተማችን በጣም ውብ ናት፤ ሕዝቧም እንግዳ ተቀባይ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ይህ አባባል ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ስለ ጎንደርም፣ ስለ ጅማም፣ ስለ ሐረርም ቢነገር የሚቃወም የለም። ለሁሉም የሚስማማ ገለጻ አንዱንም አይገልጽም። ስለዚህ ከተማን ለመግለጽ የተነሣ ጸሐፊ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፤ እነርሱም፦ ከተማዪቱ በምን ትተዳደራለች? ከትናንት እስከ ዛሬስ ምን ተለወጠ? የሚሉት ናቸው።

በሐሩር ክልል በሚገኝ የደሴት አገር፣ ለምሳሌ በፊሊፒንስ፣ ስላለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ለሚጽፍ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በዓይኑ ፊት ነው። ዓሣው፣ ጀልባው፣ መረቡ ሁሉ ባሕሩን ያመለክታል። መቀሌ ግን ባሕር የላትም። ይሁን እንጂ እርሷም ከባሕር በተገኘ ሀብት ለብዙ ዘመን ስትነግድ ኖራለች። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ፦ ባሕር የሌላት የጨው ከተማ

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በእንደርታ ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864-1881 ዓ.ም.) መናገሻቸው አደረጓት። በ1870ዎቹ ዓ.ም. በጣሊያናዊው ባለሙያ በጃኮሞ ናሬቲ መሪነት ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩባት። ይሁን እንጂ ከተማዪቱን ያደመቃት ቤተ መንግሥቱ ብቻ አልነበረም፤ ጨውም ነበር።

ከመቀሌ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአፋር ቆላ፣ የዳሎል የጨው ሜዳ ይገኛል። ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚህ ስፍራ ገብቶ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዳሎል የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። በዚህ ሐሩር ጨው ቆራጮች ንጣፉን በመጥረቢያ ይሰነጥቃሉ፤ በእንጨት ፈንቅለው ያነሣሉ፤ ከዚያም በእኩል መጠን ጠርበው ለሸክም ያዘጋጃሉ።

ቀድሞ ነጋዴዎች ጨዉን በግመል ጭነው በበራህሌ በኩል ለቀናት ሽቅብ ይጓዙ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ይህን የጨው ጉዞ አርሆ ይሉታል። አሞሌ ጨው በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበረ መቀሌ የደረሰው ጨው ወደ ሩቅ ገበያዎች ይተላለፍ ነበር።

ዛሬ አሞሌ መገበያያ ገንዘብ አይደለም። የመኪና መንገድ ወደ ቆላው ከገባ ወዲህ ግመል ይሸከመው ከነበረው ጨው አብዛኛውን መኪና ወስዶታል። ጉዞው አጥሯል፤ የሰውና የእንስሳ ድካም ቀንሷል። ነገር ግን በግመሎቹ ይተዳደር የነበረው ሰው ሌላ እንጀራ ለመፈለግ ተገዷል። ለአንዱ እፎይታ የሆነው ለሌላው ሥራ ማጣት ሆኗል።

ለ. ስለ ምንባቡ አሠራር

በምንባቡ ውስጥ «ውብ» ወይም «ታሪካዊ» የሚል ቃል እንደሌለ አስተውሉ። ጸሐፊው የከፍታውን ልክ፣ የሠራተኛውን መሣሪያና የመንገዱን አቅጣጫ ነገረን፤ ፍርዱን ግን ለእኛ ተወልን። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ የለውጡን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ይመዝናል። አንዱን ወገን ብቻ የሚናገር ገለጻ ማስታወቂያ እንጂ ድርሰት አይባልም።

ሐ. ሰዋስው፦ የግሥ ጊዜ በገለጻ ውስጥ

1. አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለፈ ድርጊት፦ «መናገሻቸው አደረጓት»።
2. በቀድሞ ዘመን ይደጋገም የነበረ ድርጊት፦ «ሽቅብ ይጓዙ ነበር»።
3. ዛሬም የሚደጋገም ድርጊት፦ «ንጣፉን ይሰነጥቃሉ»።
4. ድርጊቱ አልፎ ውጤቱ የሚታይ፦ «ጉዞው አጥሯል»።

እነዚህን ማደባለቅ የሰዋስው ስሕተት ብቻ አይደለም። «አሞሌ ገንዘባችን ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሌለውን አለ ይላል። «በዳሎል ሰዎች ጨው ይቆርጡ ነበር» ብሎ የሚያበቃ ደግሞ ዛሬም በፀሐይ ሐሩር የሚደክሙትን ሠራተኞች እንደሌሉ ያስቆጥራቸዋል። «ነበር» ትንሽ ቃል ናት፤ ያለቦታዋ ስትገባ ግን ያለውን ሰው ከጽሑፉ ታጠፋለች። ስለሆነም ግሡን ከመጻፋችሁ በፊት ነገሩ አልፏል ወይስ አለ? ብላችሁ አጣሩ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ «ነበር» የሚል ቃል ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጡና እያንዳንዱ ተደጋጋሚ ድርጊትን፣ ያለፈ ድርጊትን ወይስ ያለፈ ሁኔታን እንደሚያመለክት ግለጹ።
2. የመጨረሻውን አንቀጽ በግመል ነጂው አንደበት፣ በአንደኛ መደብ ለውጣችሁ ጻፉ። የግሦቹ ጊዜ እንዳይዛባ ተጠንቀቁ።
3. በአካባቢያችሁ ካሉ አረጋውያን አንዱን ቀርባችሁ፣ በልጅነታቸው ሰዎች ይተዳደሩበት ስለነበረና ዛሬ ስለቀረ ወይም ስለተለወጠ ሥራ ጠይቁ። ከዚያም በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ፦ በመጀመሪያው የከተማችሁን ወይም የመንደራችሁን አቀማመጥ፣ በሁለተኛው ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ በሦስተኛው ለውጡ ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ ግለጹ።

ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ለጠየቃችኋቸው ሰው አንብቡላቸው። «እንዲህ አልነበረም» ያሉት ቦታ ካለ ሳታፍሩ አርሙት፤ የገለጻ የመጀመሪያው ውበት እውነትነቱ ነውና።