ራስ ገዝነትና የበጀት ሥልጣን በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች

የዩኒቨርሲቲ ነጻነት በሕግ መደንገጉ ብቻውን የአስተዳደር ነጻነትን አያረጋግጥም፤ ወሳኙ ጉዳይ በገንዘቡ ላይ የማዘዝ ሥልጣን የማን እንደሆነ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995ና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 650/2001 የጥቅል በጀት አሠራርን ደንግገው ነበር። በተግባር ግን በጀቱ በዝርዝር የወጪ መደብ መመደቡ ቀጠለ። በዚህ አሠራር ከአንድ መደብ የተረፈ ገንዘብ ለሌላ ተግባር የሚውለው የዝውውር ፈቃድ ሲገኝ ነው፤ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ያልተሠራበትም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይመለሳል። ውጤቱም የትምህርት ክፍሎች ዓመታት የሚወስድ ምርምር ከማቀድ ይልቅ ገንዘቡን ከሰኔ 30 በፊት መጨረስን እንዲያስቀድሙ ይገፋፋል።

አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ይሁን እንጂ ራስ ገዝነቱ የትምህርት ክፍያን በመወሰን ሥልጣን ብቻ ከተገለጸ፣ ሸክሙ ከመንግሥት ወደ ተማሪው ይዛወራል እንጂ የአስተዳደሩ ጠባይ አይለወጥም። ስለሆነም የማሻሻያው መመዘኛ ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይገባል፦ በብዙ ዓመት ስምምነት የሚለቀቅ ጥቅል በጀት፣ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የተረጋገጠ ድጋፍ፣ እንዲሁም ከወጪ ደረሰኝ አልፎ ውጤትን የሚመረምር ኦዲት።