ቅጣት በይግባኝ ሚዛን ሲመዘን

ፍትህ (ዐድል) ለሙስሊም የእምነት ጉዳይ ነው፡፡ ለአንድ ወገን ያለን ጥላቻ እንኳ ሚዛን እንዳያስተን በሱረቱል ማኢዳህ ተምረናል፡፡ ይህን ይዘን፣ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የቅጣት ይግባኝ እንዴት እንደሚታይ በአንድ ጉዳይ እንመልከት፡፡

ሆሴ ፓዲላ እስልምናን የተቀበለ አሜሪካዊ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 ቺካጎ ውስጥ ተይዞ፣ «የጠላት ተዋጊ» ተብሎ ክስ ሳይመሠረትበት ከሦስት ዓመት በላይ በወታደራዊ እስር ቆየ፡፡ በ2007 ማያሚ ላይ በሽብር ሴራ ጥፋተኛ ተባለ፡፡ የቅጣት መመሪያው ከ30 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣው ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ዳኛ ማርሺያ ኩክ የወታደራዊ እስሩን ክብደት ጭምር አመዛዝነው በ2008 የ17 ዓመት ከ4 ወር እስራት ፈረዱበት፡፡

ፓዲላ በጥፋተኛነቱ ላይ፣ ዐቃቤ ሕግም «ቅጣቱ አነሰ» ሲል ይግባኝ አሉ፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 ጥፋተኛነቱን አጽንቶ ቅጣቱን በድምፅ ብልጫ ሻረው፡፡ በ2014 ቅጣቱ 21 ዓመት ሆነ፡፡

ለመሆኑ ቅጣት የሚመዘነው በምንድን ነው? በ2005 የተሰጠው የቡከር ውሳኔ መመሪያው አስገዳጅ መሆኑን አስቀርቶ ለዳኛው ምክር አደረገው፡፡ በ2007 የተሰጠው የጋል ውሳኔ ደግሞ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀመጠ፡፡ አንደኛ፣ ሥርዓቱ ተጠብቋልን? ማለትም ስሌቱ ትክክል ነውን? ምክንያቱስ ተብራርቷልን? ሁለተኛ፣ የቅጣቱ መጠን ራሱ ምክንያታዊ ነውን? ይግባኝ ሰሚው «እኔ ብሆን ሌላ እፈርድ ነበር» ብሎ ብቻ መሻር አይችልም፡፡ በፓዲላ ጉዳይ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ የተከራከሩትም የሥር ዳኛዋ ሚዛን ሊከበር ይገባል በማለት ነበር፡፡

ጥያቄያችን ስለ ጥፋቱ አይደለም፡፡ ያለ ክስ የታሰረ ሰው የተቀበለው መከራ ከቅጣቱ ሊታሰብለት ይገባል ወይ? ይግባኝ ሰሚውም ቢሆን የተወሰነ ቅነሳ እንደሚገባ አልካደም፤ «በዛ» አለ እንጂ፡፡ እኛ ግን መንግሥት ራሱ ያደረሰው በደል በሚዛኑ ላይ መቅለል የለበትም እንላለን፡፡

በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ ሦስት ነገር ልብ በሉ፡፡ ተከሳሽ ይግባኙን የሚያስታውቀው በ14 ቀን ውስጥ ነው፡፡ ጥፋትን ለማመን በሚፈረም ስምምነት ውስጥ ይግባኝን የሚያስቀር አንቀጽ ሊኖር ስለሚችል ከመፈረም በፊት ጠበቃን መጠየቅ ያሻል፡፡ በ2008 እንደተወሰነው ደግሞ፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ካላለ በስተቀር ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሳሽነት ቅጣት አያከብድም፡፡

አላህ ለፍትህ የምንቆም ያድርገን፡፡ ወላሁ አዕለም፡፡