የዓረብ ቤት ምን ይሠራ ነበር? ስለ ጥንታዊው የሕንፃ ጥበብና ስለ ዘመናዊ ወራሾቹ

ስለ ዓረብና ስለ እስላም የሕንፃ ጥበብ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ቅስቱ፣ ወደ ጕልላቱና ወደ ሚናሬቱ ነው። እነዚህ ከሩቅ የሚታዩ በመሆናቸው ዓይንን ይስባሉ። ነገር ግን አንድን የሕንፃ ጥበብ በሚታየው ብቻ መመዘን ሰውን በልብሱ ብቻ እንደ መመዘን ነው። ልብሱን አይተን ስናበቃ፣ የዚህ ሰው ሙያው ምንድን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። በዚህ አጭር ጥናት የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው። የጥንቱ የዓረብ ቤት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ምን ሥራ ይሠሩ ነበር? ዘመናዊው ሕንፃስ የወረሰው ሥራቸውን ነው ወይስ ልብሳቸውን?

የእስላም የሕንፃ ጥበብ ከስፔን እስከ ኢራቅ፣ ከዚያም አልፎ የተዘረጋ ስለሆነ ሁሉንም ባንድ ጽሑፍ መጨበጥ አይቻልም። ስለዚህ ካይሮን እንደ ዋና ምሳሌ እንይዛለን። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እናሳስባለን።

፩ኛ/ ለግንበኛው የቀረበለት ችግር

ካይሮ በበረሃ መካከል ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። ዝናብ በዓመት ከጥቂት ቀን በላይ አይጥልም። ሌሊቱ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ይመጣል። ለቤት ሥራ የሚሆን ትልልቅ እንጨት በአገሩ እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ የካይሮ ግንበኛ በእጁ የነበረው ድንጋይ፣ ጡብ፣ ጥቂት እንጨት፣ የሌሊት ቅዝቃዜና የሰሜን ነፋስ ብቻ ነበር። ኤሌክትሪክ አልነበረውም። ከዚህ በቀር ሌላ መሣሪያ ሳይኖረው ሰው የሚኖርበት ቤት መሥራት ነበረበት።

፪ኛ/ የውስጥ ግቢ

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ቤቱ ፊቱን ከመንገድ መልሶ ወደ ውስጥ እንዲያይ ማድረግ ነው። በካይሮ ደርብ አል አስፈር በሚባለው መንገድ ላይ የሚገኘውን የሱሐይሚን ቤት እንመልከት። የዚህ ቤት የመጀመሪያው ክፍል በ1648 የተሠራ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተጨምሮበት ሰፋ። ከመንገድ የሚገባው ሰው ወዲያው ግቢውን አያይም፤ መግቢያው ታጥፎ ይሄዳልና። ይህ የቤተ ሰቡን ገመና ከመጠበቁም በላይ የመንገዱን አቧራና ጫጫታ በደጅ ያስቀራል።

ግቢው እንደ ውሃ ገንዳ ነው፤ የሚያጠራቅመው ግን ቀዝቃዛ አየር ነው። ሌሊት ግንቡና ወለሉ ቀን የጠጡትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። የቀዘቀዘው አየር ከሞቀው ይልቅ ከባድ ስለሆነ ወርዶ በግቢው ውስጥ ይተኛል። ሲነጋም ዙሪያውን የከበቡት ከፍተኛ ግድግዳዎች ጥላ ስለሚጥሉበት ያ ቅዝቃዜ እስከ ረፋድ ድረስ ሳይጠፋ ይቆያል።

በዚሁ ቤት ተኽተቡሽ የሚባል፣ በሁለት ግቢዎች መካከል ያለ ጣሪያ ያለው መቀመጫ አለ። የፊተኛው ግቢ ጠባብና ጥላ ያለው ነው፤ የኋለኛው ሰፊና ለፀሐይ የተጋለጠ ነው። በሰፊው ግቢ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከጠባቡ ግቢ ቀዝቃዛው አየር እየተሳበ በተኽተቡሹ ውስጥ ያልፋል። በመካከሉ የተቀመጠው እንግዳም ነፋስ በሌለበት ቀን ነፋስ ያገኛል ማለት ነው።

፫ኛ/ መሽረቢያ

መሽረቢያ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የተሠራ የእንጨት ፍርግርግ መስኮት ነው። ስሙ ከዓረብኛው «መጠጣት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ የሸክላ ውሃ ማሰሮዎች በነፋስ እንዲቀዘቅዙ የሚቀመጡት በዚያ ነበርና። ትልቅ እንጨት በሌለበት አገር የተፈለሰፈ ስለሆነ የሚሠራው በማዞሪያ ከተከረከሙ ትናንሽ ቍራጮች ነው።

ይህ አንድ ዕቃ ብዙ ሥራ ይሠራል። የፀሐዩን ጨረር ሰባብሮ ለስላሳ ብርሃን ያስገባል። ነፋሱን አይከለክልም። ታችኛው ክፍል ጠበቅ ያለ ፍርግርግ በመሆኑ ከውጭ የሚያይ ሰው ውስጡን አያይም፤ ላይኛው ክፍል ግን ሰፋ ስለሚል አየሩ እንደ ልብ ይመላለሳል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር መሽረቢያው ሴቶች ከዓይን ተሰውረው እንዲኖሩ ያደርግ ለነበረው ሥርዓትም መሣሪያ ነበር። የሕንፃ ጥበብ የአየሩን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩንም ሕግ በግድግዳው ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ከጥንቱ ስንማር የትኛውን ሥራ እንደምንወርስና የትኛውን እንደምንተው መለየት ይገባናል።

፬ኛ/ መልቀፍ፣ ማለት ነፋስ ያዡ

በ1350 ገደማ በካይሮ የተሠራው የሙሒብ አል ዲን ቤት አዳራሽ እስከ ዛሬ አለ። ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ አፉን ወደ ሰሜን የከፈተ ግንብ አለው። ስሙ መልቀፍ ነው። ከፍ ያለው ነፋስ ከመንገዱ ነፋስ ይልቅ ቀዝቃዛና አቧራው ያነሰ ነው። መልቀፉ ይህን ነፋስ ይዞ ወደ አዳራሹ ያወርደዋል። የሞቀው አየር ደግሞ በአዳራሹ መካከል ባለው እጅግ ከፍ ያለ ክፍል ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው ሥር ባሉት መስኮቶች ይወጣል። ስለዚህ ነፋስ በማይኖርበት ሰዓት እንኳ የአየሩ መመላለስ አይቋረጥም። በብዙ ቤቶች ደግሞ ውሃ በቀስታ የሚፈስበት የእምነ በረድ ሰሌዳ ይጨመር ነበር፤ ሰልሰቢል ይሉታል። አየሩ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል።

ነገር ግን መልቀፍን እስላም ብቻ ፈለሰፈው ማለት ስሕተት ይሆናል። በጥንታዊት ግብጽ መቃብሮች ሥዕል ላይ ተመሳሳይ ነፋስ ያዥ ያለው ቤት ይታያል። የእስላም ዘመን ግንበኞች ትልቅነት ከየአገሩ ያገኙትን ብልሃት ተቀብለው አንድ አካል በማድረጋቸው ነው። መውረስ ማለት ይህ ነው።

፭ኛ/ ልብሱ ከሥራው የተለየበት ጊዜ

የግብጹ ገዥ ከዲቭ እስማኤል በ1867 ለዓለም ኤግዚቢሽን ወደ ፓሪስ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአሮጌው ካይሮ በስተ ምዕራብ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች ያሉት አዲስ ከተማ አሠራ። ቤቶቹ እንደ ፓሪስ ቤቶች ፊታቸውን ወደ መንገድ መለሱ። መስኮቱ ሰፋ፤ ፀሐዩም ገባ። ጠባቡና ጥላ የነበረበት ሠፈር የድኾች ሠፈር ተባለ።

ጥቂት ቈይቶ ግን የአገሩ መልክ ናፈቀ። በዚህም ጊዜ የመምሉኮችን ዘመን ሕንፃዎች የሚመስል አሠራር ተጀመረ። በ1903 የተከፈተው የካይሮ የዓረብ ጥበብ ቤተ መዘክር፣ ዛሬ የእስላም ጥበብ ቤተ መዘክር የሚባለው፣ የዚህ ምሳሌ ነው። ፊቱ በቀይና በነጭ ድንጋይ ረድፍ፣ በቅስትና በጫፍ ጌጥ ያማረ ነው። ማማሩን ማንም አይክድም። ነገር ግን ግቢው፣ መልቀፉና መሽረቢያው ባንድነት ይሠሩት የነበረውን ሥራ የፊት ጌጥ ሊሠራው አይችልም። ልብሱ ተመለሰ፤ ሥራው ግን አብሮ አልተመለሰም።

፮ኛ/ ሐሰን ፈትሒና የጉርና መንደር

ሥራውን ፈልጎ ከሄዱት መካከል ዋናው ግብጻዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ (1900–1989) ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረትና እንጨት ሲጠፋ፣ ፈትሒ ለገበሬ የሚሆን ርካሽ ቤት ከጭቃ ጡብ ለመሥራት ተነሣ። ግድግዳው አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ጣሪያው ነው። ቅስት ጣሪያ ለመሥራት ጡቡ እስኪያያዝ ድረስ የሚሸከም የእንጨት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ እንጨቱ ደግሞ የለም። በ1941 ወደ አስዋን ሄዶ የኑብያ ግንበኞች ያለ ምንም ድጋፍ ቅስት ሲሠሩ አገኘ።

ብልሃታቸው እንዲህ ነው። አስቀድመው ከክፍሉ አንደኛው ጫፍ ግድግዳውን ከፍ አድርገው ይሠራሉ። በላዩ የቅስቱን መስመር በጭቃ ይሥላሉ። ከዚያም ጭድ በብዛት የገባባቸውን ቀላል ጡቦች ወደዚያው ግድግዳ አጋድመው ይለጥፏቸዋል። እያንዳንዱ ረድፍ ከፊቱ ባለው ረድፍ ላይ ስለሚደገፍ አይወድቅም። ይህ ጥበብ እጅግ የቈየ ነው፤ በሉቅሶር የዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያሉት የጭቃ ጡብ ጎተራዎች ቅስታቸው ከ3,000 ዓመት በላይ ቈይቷል።

በ1945 የግብጽ የጥንታዊ ቅርሶች ክፍል ለፈትሒ ትልቅ ሥራ ሰጠው። በሉቅሶር ማዶ በጥንት መቃብሮች ላይ ይኖር የነበረውን የጉርናን ሕዝብ፣ 7,000 ያህል ሰው፣ የሚያዛውርበት አዲስ መንደር እንዲሠራ ነው። ፈትሒ ግቢ ያላቸውን ቤቶች፣ መስጊድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና ቲያትር ቤት ሠራ። ጡቡ ከዚያው ከመሬቱ፣ ግንበኛው ከአስዋን፣ ነፋሱም ከሰሜን ነበር። ዋጋውም ረከሰ።

ይሁን እንጂ መንደሩ ሳይፈጸም ቀረ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መጓተት ሌላ፣ የጉርና ሰዎች ራሳቸው ለመሄድ እምቢ አሉ። እንጀራቸው ከመቃብሮቹና ከጎብኚው ጋር የተያያዘ ነበር፤ እንዲሄዱ የወሰኑት ግን ሌሎች ናቸው። ፈትሒ ይህን ሁሉ ራሱ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከጡቡ ይልቅ ከባድ ነው። የአየሩን ጠባይ በሚገባ የተረዳ ቤት፣ የሚኖርበትን ሰው ፈቃድ ካላገኘ ባዶውን ይቀራል።

፯ኛ/ የዛሬዎቹ ወራሾች

አሁን ወደ ዘመናችን ሕንፃዎች እንምጣ። እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ እንመዝን፤ ፀሐይን ይከለክላል ወይ? ያለ ብዙ ኃይል ይሠራል ወይ? ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?

በ1987 የተከፈተው የፓሪሱ የዓረብ ዓለም ተቋም፣ የዣን ኑቬል ሥራ፣ በደቡብ ፊቱ ላይ እንደ ፎቶግራፍ መኪና ዓይን የሚከፈቱና የሚዘጉ 240 የብረት ሰሌዳዎች አሉት። መሽረቢያን በመኪና የተካ ውብ ሐሳብ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ረቂቅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እየተበላሸ ቆሟል። የእንጨቱ መሽረቢያ ሲሰበር የሠፈሩ አናጢ ይጠግነው ነበር።

በ1983 በጅዳ የተፈጸመው የብሔራዊ ንግድ ባንክ 27 ፎቅ አለው፤ የሠራውም አሜሪካዊው ጎርደን በንሻፍት ነው። በላዩ ቅስትም ሆነ ጌጥ አይታይበትም። ሆኖም ውጭው መስኮት የሌለው ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል፤ መስኮቶቹ የሚያዩት በሕንፃው ሆድ ወደ ተቀረጹት ሦስት ትልልቅ ክፍት ቦታዎች ነው። የውስጥ ግቢን ወደ ሰማይ አቁመውታል ማለት ነው። የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ባያስቀርም ጥላውን ወርሷል፤ ልብስ ሳይዋስ ሥራውን የያዘ ልጅ ነው።

በ2012 በአቡ ዳቢ የተፈጸሙት መንትያ የባሕር ግንቦች ደግሞ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉና የሚታጠፉ ከ2,000 በላይ ጥላዎች አሏቸው። ፀሐዩን እየተከተለ የሚያዛቸው ኮምፒዩተር ነው። ሙቀቱን በጣም እንደሚቀንሱ አይካድም። ነገር ግን ከሥር ያለው ሕንፃ የመስታወት ነው። በበረሃ መካከል መጀመሪያ መስታወት አቁሞ ኋላ መስታወቱን ማልበስ፣ ጥያቄውን ከመነሻው ጠማማ አድርጎ መልሱን ማቃናት አይመስልም?

፰ኛ/ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በ2006 የገባችው የሐረር ጀጎል ብዙ ቤቶች ባንድ ግቢ ላይ የሚከፈቱባት፣ ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ የሆነ፣ ውስጣቸው በነደባ መደብ የተከፋፈለ ከተማ ናት። የሐረር ሰው ከእስላም ዓለም ጋር በንግድና በሃይማኖት እየተገናኘ፣ ቤቱን ግን በራሱ ኑሮ ልክ ሠርቶታል። ካይሮን አልቀዳም።

ስለዚህ መልቀፍ በካይሮ ደግ ነውና በአዲስ አበባም እንሥራ ማለት ከንቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ማታ የምትበርድ፣ ክረምቷ ዝናብ የሆነ ከተማ ናት። ነፋስ ያዥ ቢቆምላት ነዋሪውን ያንቀጠቅጠዋል። ለበረሃ ከተማ ታስቦ በመጽሔት የታየውን የመስታወት ፎቅ እንዳለ ማምጣትም ያው ነው። ቀን የሚያቃጥል፣ ማታ የሚበርድ ክፍል ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለአንገት ጌጥ ብቻ አይደለም።

ከካይሮ ግንበኛ ልንወስድ የሚገባን ጥያቄውን ነው። ፀሐዩ በየት ይወጣል? ነፋሱ ከየት ይመጣል? በቅርብ የሚገኘው ድንጋይና እንጨት ምንድን ነው? የሚጠግነው እጅስ የማን ነው? ከጉርና ደግሞ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ የሚኖርበት ሰው ተጠይቋል ወይ? ነገ ንድፍ የሚነድፉ፣ ገንዘብ የሚመድቡና ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች ዛሬ ከእኛ ጋር በየክፍሉ ተቀምጠው ይማራሉ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ከእርሳሱ በፊት ቢያነሡ፣ ቤቱ ምን ይመስላል ከማለታቸው አስቀድሞ ቤቱ ምን ይሠራል የሚለውን ያውቁታል።