ኮምፒውተር ሳይንስን ከሌላ ሙያ ጋር ለማጣመር ምን ያስፈልጋል?



ውድ እህት ወንድሞች፣ የዲፓርትመንት መምረጫ ጊዜ ሲደርስ ከፍሬሽማን ተማሪዎች ከሚመጡልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ኮምፒውተር ሳይንስ እወዳለሁ፤ ግን ልቤ ጤናም ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መማር ይቻላል?» አንዳንዱ በጤና ፈንታ ቋንቋ ይላል፣ አንዳንዱ ፋይናንስ። በውጭ አገር ባሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዲግሪ አለ፤ ተማሪው የኮምፒውተር ሳይንስን መሠረታዊ ኮርሶች ይወስድና የቀረውን ከሌላ መስክ ይሞላል። በእኛ መምረጫ ቅጽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው «ኮምፒውተር ሳይንስ» የሚለው ብቻ ነው። ማጣመሩ ለተማሪው የተተወ ሥራ ነው ማለት ነው። ይቻላል፤ ነገር ግን ገና ከመጀመሪያው ዓመት ሊታሰብበት ይገባል።

በቅድሚያ የማይነካውን እንለይ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። የኮምፒውተር ሳይንስ ፈተና ከፕሮግራሚንግና ከዳታ ስትራክቸር አንስቶ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ እያለ እስከ አውቶማታና ኮምፓይለር ድረስ ይሄዳል። ባዮሎጂ ወይም ባንክ ማወቃችሁ እዚያ ነጥብ አያስገኝም። ስለዚህ «የእኔ ትኩረት ጤና ነው» እያሉ አውቶማታን እንደምንም ማለፍ ኋላ ላይ ያስከፍላል። ሒሳቡም ያው ነው። በተለይ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወደ የትኛውም መስክ ብትዞሩ ይከተላችኋል።

ለሁለተኛው መስክ ቦታ የሚገኘው በፍሬሽማን ኮርሶች፣ በኢሌክቲቭ፣ በኢንተርንሺፕና በመመረቂያ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ሳይኮሎጂን፣ ኢኮኖሚክስን፣ አንትሮፖሎጂን ብዙዎቻችን ለጂፒኤ ብቻ ብለን ነው የምናልፋቸው። ሆኖም ሌላው ሙያ እንዴት እንደሚያስብ በነፃ የምንቀምስባቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከሌላ ዲፓርትመንት አንድ ኮርስ መምህሩን አስፈቅዶ ቁጭ ብሎ መከታተል ይቻላል፤ ውጤት አይያዝላችሁም እንጂ እውቀቱን የሚከለክላችሁ የለም። ከሁሉም የሚከብደው ግን ፕሮጀክቱ ነው።

ለምን እንደሚከብድ ለእኛ ቅርብ በሆነው በውርስ ክፍፍል፣ በዒልመል ፈራኢድ እንየው። አንዲት ሴት ልጅም ወላጅም ሳይኖራት ሞተች እንበል። የቀሯት ወራሾች ባሏና ሁለት የአባትና የእናት እህቶቿ ናቸው። ዕዳው፣ የቀብር ወጪውና ኑዛዜው ተነስቶ 420,000 ብር ቀረ። የባል ድርሻ ግማሽ፣ የሁለቱ እህቶች ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። ድርሻዎቹን ብቻ ከመጽሐፍ አንብቦ ኮድ የጻፈ ተማሪ ለባል 210,000፣ ለእህቶች 280,000 ያወጣል። ድምሩ 490,000! የሌለ 70,000 ብር አከፋፈለ። ኮዱ በሰላም ይሠራል፣ ምንም ስህተት አያሳይም።

ፈራኢድ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው «ዐውል ነው» ይላል። ከስድስት ላይ ሦስትና አራት ሲደመር ሰባት ስለሚሆን ንብረቱ ለሰባት ይከፈላል፤ አራቱም መዝሀቦች የሚሠሩበት ነው። አንዱ ድርሻ 60,000 ይሆናል፤ ባል 180,000፣ እያንዳንዷ እህት 120,000 ታገኛለች። በሌላ በኩል የፈራኢድ ተማሪው አንድ ሦስተኛ በኮምፒውተር ውስጥ እንደ አስርዮሽ ሲቀመጥ ልክ እንደማይሆን፣ ክፍልፋዩን በሙሉ ቁጥሮች መያዝ እንደሚሻል ላያውቅ ይችላል። ሕጉም አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ውርስን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ይህን ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ቃዲም የሕግ ባለሙያም መጠየቅ አለበት።

ጥምረቱ አዲስም አይደለም። በዘጠነኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የሠራው አል ኸዋሪዝሚ፣ «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ከስሙ የመጣው ሰው፣ በአልጀብራ መጽሐፉ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሰጠው ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት ነው።

ጤና ለሚመርጡት ደግሞ ምሳሌው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ አለ። ብዙዎቻችን ዘነበወርቅ ያለውን አለርት የምናውቀው በሆስፒታልነቱ ነው። እዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ መነሻው የሥጋ ደዌ ምርምር ሲሆን ቲቢንም ያጠናል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጂኖም 3.3 ሚሊዮን ያህል፣ የቲቢው 4.4 ሚሊዮን ያህል «ፊደላት» አሉት። የሁለት ታማሚዎችን ባክቴሪያ አነጻጽሮ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን መገመት እናንተ በአልጎሪዝም ክፍል የምትማሩት የስትሪንግ ማነጻጸር ነው። ነገር ግን ከብዙ ልዩነቶች መካከል የትኛው ትርጉም እንዳለው የሚነግራችሁ ባዮሎጂ ነው። በቲቢ ጂን ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት ከጥቅም ውጭ ልታደርገው ትችላለች፤ ሌሎች ብዙ ለውጦች ደግሞ ምንም አያመጡም።

እንግዲህ ሦስተኛ ዓመት ስትገቡ የፕሮጀክቱን ጉዳይ ጀምሩት። ከራሳችሁ ዲፓርትመንት አድቫይዘር በተጨማሪ ከሌላው መስክ አንድ መምህር አብሮ እንዲያማክራችሁ ጠይቁ፤ ዲፓርትመንቱም ቀድሞ ይወቀው። የታማሚ ወይም የፍርድ ቤት መረጃ የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይህ ከኮዱ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ደብዳቤውን አራተኛ ዓመት ሳይገባ አስገቡ።