ስብን በቅዝቃዜ ማጥፋት ጉዳት አለው?

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የሆዴ ስብ አልጠፋ አለኝ። እዚህ ዱባይ ያለ ቀዶ ጥገና ስብ የሚያቀዘቅዝ ሕክምና አለ ይላሉ። ያሰጋል?

መልስ፦ ክራዮሊፖሊሲስ የሚባለው ይህ ሕክምና የሚሠራው የስብ ሕዋሳት ከቆዳ ቀድመው በቅዝቃዜ ስለሚጎዱ ነው። የሞቱትን ሕዋሳት ሰውነት በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ያስወግዳቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ለወገብ ጎን፣ በ2012 ደግሞ ለሆድ ፈቅዶታል። መቅላት፣ መበለዝና መደንዘዝ የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ የታከመው ቦታ ከወራት በኋላ በመቀነስ ፈንታ ያብጣል፣ ይጠጥራል። ይህ በራሱ አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ያው የተሸሸው ቀዶ ጥገና ይሆናል። ታዋቂዋ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጄሊስታ ይህ እንደደረሰባት በ2021 በይፋ ተናግራለች። ስለዚህ ችግር ሳይነግርዎ ገንዘብ የሚቀበልዎ ክሊኒክ ካለ ጥለውት ይውጡ።

ክራዮግሎቡሊኒሚያን የመሰለ በብርድ የሚነሳ የደም ሕመም ያለበት ሰው ፈጽሞ መሞከር የለበትም። ሆድ ላይ እበጥ (ሄርኒያ) ካለም እንዲሁ።

ከወሊድ በኋላ ሆድ የሚገፋው ሁልጊዜ በስብ አይደለም፤ የሆድ ጡንቻ ተለያይቶ ወይም ቆዳ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ቅዝቃዜ ሁለቱንም አያስተካክልም። እባክዎ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት በሐኪም ይመርመሩ። በረዶ ሆድዎ ላይ አስረው ቤት ውስጥ እንዳይሞክሩት፤ ቆዳን ያቃጥላል።